ተማሪዎቻችን ለብቻቸው መሰብሰብ ከጀመሩ ወዲህ ንቀትን በብዙ ቦታ ያያሉ፤ ዓይናቸው ተከፈተ ወይስ ጥርጣሬያቸው በዛ?

ጥያቄ፦ አማካሪዋ (ጎንደር)

ክቡራን አንባቢዎች፣ ለብዙ ጊዜ ሳብሰለስለው የቆየሁትን ጉዳይ በዝርዝር ላቅርብላችሁ። በሙያችሁ የምታውቁትንም ሆነ በሕይወት ያያችሁትን ብታካፍሉኝ ትልቅ ውለታ ነው።

በጎንደር ከተማ በአንድ ኮሌጅ የተማሪዎች አማካሪ ነኝ። ከአምና ጀምሮ፣ ወላጆቻቸው በሸክላ ሥራ፣ በብረት ቅጥቀጣ፣ በሽመናና በቆዳ ሥራ የሚተዳደሩ ተማሪዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና እያፈሉ የሚነጋገሩበት አንድ ክፍል አለን። ጥያቄው የመጣው ከእነርሱ ነው፤ እኔ ክፍሉን አስፈቀድሁላቸው እንጂ ሐሳቡን አላመነጨሁትም። ደንባቸው አጭር ነው፦ እዚያ የተነገረ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ማንም በዘሩና በወላጆቹ ሙያ አይነወርም፤ ከእነርሱ ወገን ያልሆነ ሰው የሚገባው ሲጋበዝ ብቻ ነው።

ከሩቅ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ለማስረዳት ያህል፣ በእኛ አካባቢ በባለ እጅ ላይ የሚደርሰው ንቀት የቆየ ነው። ማሰሮውንና ምንቸቱን፣ ማረሻውንና ማጭዱን ከእርሱ የሚገዛ ሰው «ቡዳ ነው» ብሎ ከእርሱ ጋር ማዕድ መቅረብን ይፈራል። ጋብቻ ታስቦ ሽማግሌ ሰባት ቤት ሲቆጥር ከሐረጉ ውስጥ ቀጥቃጭ ወይም ሸክላ ሠሪ ከተገኘ፣ ምክንያቱ ሳይነገር ነገሩ በዚያው ይቀራል። ዛሬ ይህን በአደባባይ አፍ አውጥቶ የሚናገር ጥቂት ነው፤ ቀርቷል ለማለት ግን አልደፍርም።

ጭንቀቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው። መሰብሰብ ከመጀመራቸው በፊት አንድ በአንድ ሳነጋግራቸው የአብዛኞቹ መልስ «ያ የድሮ ነው፤ በእኔ ላይ ደርሶ አያውቅም» የሚል ነበር። ዛሬ እነዚያው ልጆች በተሰበሰቡ ቁጥር አዲስ ታሪክ ይዘው ይመጣሉ። አንዱ በማራኪ አካባቢ ቤት ተከራይቶ ቀብድ ከከፈለ በኋላ፣ አከራይዋ አባቱ ምን እንደሚሠራ ጠይቀው «ለዘመድ ልሰጠው ነው» ሲሉ ገንዘቡን መለሱለት፤ ቤቱን ኋላ የያዘው ግን ዘመድ ሳይሆን ሌላ ተማሪ ሆነ። አንዲቱ ምሳ ሰዓት ወደ ጓደኞቿ ስትጠጋ አንዷ የምሳ ዕቃዋን ክዳን ገጠመች። ሌላው በቡድን ሥራ ማንም ሳይመርጠው ቀረ። ሌላዋ ደግሞ አንድ መምህር ፈገግ ብሎላት እንደማያውቅ ተናገረች። የመጀመሪያውን ስሰማ አልተጠራጠርሁም፤ በሁለተኛው ላይ አመነታሁ፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ላይ ግን ምን እንደምል አላወቅሁም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የዳነውን ቁስል እየነካካችሁ ነው፤ ልጆቹ ሰላም ነበሩ» አለኝ። ሰላም ነበሩ ወይስ ዝም ብለው ነበር? እንዲህ ያለ፣ ሰው ሳይሸማቀቅ የሚናገርበት መሰብሰቢያ፣ ሰዎች ንቀትንና አድልዎን የሚያዩበትን ዓይን በምን መንገድ ይለውጠዋል? የጠራ እይታ መሆኑንና ጥርጣሬ መሆኑንስ በምን እንለያለን?

መልስ፦ የሥነ ልቦና መምህር

እኅቴ፣ ጥያቄዎ በሙያችን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር የኖረ ነውና ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

በመጀመሪያ፣ ልጆቹ ቀድሞ «በእኔ ላይ አልደረሰም» ማለታቸው ምንም አለመድረሱን አያስረዳም። ፌይ ክሮዝቢ የተባለች ተመራማሪ በ1982 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው፣ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ሠራተኞች ላይ ባደረገችው ጥናት፣ ሴቶቹ ተመጣጣኝ ሥራ ከሚሠሩ ወንዶች ያነሰ ደመወዝ እየተከፈላቸው፣ ሴቶች በጠቅላላው እንደሚበደሉም እያመኑ፣ ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ ግን በደል አልደረሰብንም ይሉ ነበር። ይህ ዓይነቱ ልዩነት ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮችና በብዙ የተገለሉ ወገኖች ዘንድ ተደጋግሞ ታይቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ ሰው ራሱን እንደ ተበዳይ ማየት ስለሚከብደው ነው፤ እንዲህ ባለ ጊዜ በዳዩን መሰየም ይኖርበታል፣ በዳዩም ምናልባት ነገ ሰላም የሚለው ጎረቤቱ ወይም መምህሩ ነው። ሌላው ምክንያት ግን ከስሜት ጋር የተያያዘ አይደለም፤ የመረጃ ጉዳይ ነው፣ የእርስዎንም ጥያቄ በቀጥታ የሚነካው ይህ ነው።

ክሮዝቢና ባልደረቦቿ በ1986 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ሙከራ የአንድን መሥሪያ ቤት የወንዶችና የሴቶች ደመወዝ ለአንባቢዎች በሁለት መንገድ አቀረቡ። መረጃው ጥንድ ጥንድ እየሆነ በተናጠል ሲሰጣቸው፣ ለእያንዳንዱ ጥንድ አንዳች ምክንያት እየተገኘለት አድልዎውን ለማየት ተቸገሩ፤ ያው መረጃ በአንድ ላይ ተጠቃሎ ሲቀርብ ግን አዩት። ወደ ቅዳሜው ክፍል ስንመልሰው፣ አንድ ልጅና አንዲት አከራይ ብቻቸውን ሲታዩ «ለዘመድ ነው» የሚለው ምክንያት ሊታመን የሚችል ነው። ሌሎች ልጆችም በሌላ ሰፈር፣ ከሌላ አከራይ፣ ከዚያው ስለ አባት ሙያ ከተነሣ ጥያቄ በኋላ ተመሳሳይ መልስ እንደ ተሰጣቸው ሲነጋገሩ ግን ከዚያ በፊት ማንም በእጁ ያልያዘው ማስረጃ ይገኛል። ስለዚህ መሰብሰቡ በባልደረባዎ አነጋገር ቁስል ከመነካካት ይልቅ፣ በየኪሱ ተበታትኖ የነበረን መረጃ አንድ ላይ አኑሮ ማየት ነው።

ይሁን እንጂ የባልደረባዎን ስጋት ከንቱ ነው ብዬ አልጥለውም። በ1980 (እ.ኤ.አ.) ሮበርት ክሌክና አንጄሎ ስትሬንታ ባሳተሙት ጥናት፣ ለተሳታፊዎች በመዋቢያ ቀለም ፊታቸው ላይ ጠባሳ ተሠራላቸው፣ በመስታወትም አዩት፤ ከዚያ «እንዳይደርቅ እናርጥበው» ተብሎ ሳያውቁ ጠባሳው ተጠረገላቸው። ወደ ሌላ ሰው ገብተው ከተነጋገሩ በኋላ ሲጠየቁ፣ ሰውየው በጠባሳው ምክንያት ዓይኑን እንደ ሸሸ፣ እንደ ተጨነቀ ተናገሩ፤ ፊታቸው ላይ ግን ምንም አልነበረም። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች አልዋሹም፣ አላጋነኑምም። ሰው ሁሉ ሲነጋገር ዓይኑን ያነሣል፣ ያወርዳል፤ እነርሱ አንድ ትርጉም ይዘው ስለ ገቡ ያንኑ ትርጉም አገኙ።

ጂም ሲዳኒየስና ባልደረቦቹ ደግሞ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በትምህርት ዓመታቸው ሁሉ ተከታትለው በ2004 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ጥናት ለጥያቄዎ እጅግ ቅርብ ነው። በዘር ላይ የተመሠረቱ የተማሪ ማኅበራት አባል መሆን፣ አናሳ ወገን ለሆኑት ተማሪዎች «በዘራችን ምክንያት እንበደላለን» የሚለውን ስሜት አጠንክሮ ተገኘ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ግኝት ነው፤ አብዛኛዎቹ አባላት ነጮች በሆኑባቸው የተማሪ ማኅበራት የገቡ ነጭ ተማሪዎችም ተመሳሳይ የመበደል ስሜት ጨምሮባቸው ነበር። ከዚህ የምማረው፣ ተመሳሳይ ሰዎች በአንድ ክፍል ሲሰበሰቡ በደል ቢኖርም ባይኖርም የመበደል ስሜት ሊያድግ እንደሚችል ነው። ስለዚህ ስሜቱ ማደጉ ብቻውን የእይታ መጥራት ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም፤ ሐሰት ለመሆኑም ማረጋገጫ አይሆንም።

እንግዲህ በምን ይለያል ላሉት፣ እኔ የምመለከተው የታሪኮቹን ብዛት አይደለም። አንድ ልጅ ጉዳዩን አቅርቦ፣ ከተወያዩ በኋላ «ይህ እንኳ በሙያችን ምክንያት አልነበረም» ብሎ የሚወጣበት ቀን አለ ወይ? ካለ፣ ያ ክፍል እያየ ነው። የሚቀርበው ነገር ሁሉ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ፍርድ ብቻ የሚሰጠው ከሆነ ግን መመርመሩ ቀርቶ መደጋገም ተጀምሯል ማለት ነው። የቡድን ሥራውንና የመምህሩን ፈገግታ ጉዳይ በዚህ መንገድ ያዩት ዘንድ እመክራለሁ።

መልስ፦ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ

የመምህሩን ጽሑፍ በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ስለ ጠባሳው የተናገሩትን ግን አንድ ነገር ሳልጨምርበት ላልፈው አልችልም። በዚያ ሙከራ ውስጥ ጠባሳው ተጠርጎ ነበር። የእኛ አልተጠረገም።

ያደግሁት በጎንደር ዙሪያ ነው፤ እናቴ እስከ ዛሬ ምንቸትና ጀበና ሠርታ ቅዳሜ ገበያ ታወጣለች። ምንቸቱን ገዝተው ከእጇ የሚቀበሉ፣ ነገር ግን በዚያው እጅ የተቀዳ ውኃ የማይጠጡ ሰዎችን እያየሁ ነው ያደግሁት። ልጅ ሳለሁ ስለዚህ ብጠየቅ የምመልሰው መልስ እነዚያ ተማሪዎች ከመሰብሰባቸው በፊት የመለሱትን ነበር። ስለማላውቀው አልነበረም። ቤታችን ውስጥ «አልደረሰብንም» ማለት አንገትን ቀና አድርጎ የመኖር መንገድ ስለነበር ነው። የደረሰበትን የሚናገር ሰው በመጀመሪያ ማንነቱን ራሱ ይገልጣል፤ ከዚያም ሰሚው ወይ ያዝንለታል ወይ «ተጠራጣሪ ነህ» ይለዋል፤ ሁለቱም ለልጅ ከባድ ነው። በዚህ የተነሣ በኮሌጅ ዘመኔ ሁሉ ስለ እናቴ ሙያ ስጠየቅ «ነጋዴ ናት» ስል ኖሬያለሁ፤ ይህም ውሸት አልነበረም። እንዲህ ተደብቆ የሚኖር ሰው ደግሞ ንቀት አያጋጥመውም፤ ማንነቱን የሚያውቅበት የለምና። ስለዚህ ባልደረባዎ «ሰላም ነበሩ» ያሉት ልጆች ምናልባት ተሰውረው የነበሩ ናቸው። አሁን መሰብሰባቸው ስለ ታወቀ፣ ማን እንደ ሆኑም ታወቀ፤ ከዚያ በኋላ የሚያዩት ንቀት ቢጨምር ዓይናቸው ብቻ ተለውጦ ላይሆን ይችላል፣ ሌላውም ሰው እነርሱን የሚያይበት ዓይን ተለውጦ ሊሆን ይችላልና ይህንም አብረው ይመርምሩት።

ሌላም አለ። አንዳንድ ሰው «ለብቻ መሰብሰብ መለያየት ነው» ሲል እሰማለሁ። ጎንደር መለያየት ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ከተማ ነው። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1668 በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወስኖ ነበር፤ ከቤተ እስራኤል ወገን ግንበኞችና አናጢዎች ደግሞ ለነገሥታቱ ሕንፃዎች የደከሙ ነበሩ። ያ ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው፤ ተለይቶ የሚኖረው ሰው አልመረጠውም፣ በፈለገ ጊዜም ሊወጣበት አይችልም። የቅዳሜው ክፍል በር ከውስጥ የሚከፈት ነው። ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ተነጋግረው ማታ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ያጠናሉ፤ እሑድም ከሌላው ጋር አብረው ያስቀድሳሉ። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ አስነግረዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ዐዋጁ ስድቡን ከአደባባይ አስወጥቶታል፣ ለዚህም ክብር ይገባዋል፤ ከልብ ግን አላስወጣውም። ስድቡ ሲቀር ተሰዳቢው የሚያሳየው ማስረጃም አብሮ ቀረ፤ የቀረው የተገጠመ ክዳንና የተመለሰ ቀብድ ነው። እነዚህን ደግሞ አንድ ልጅ ብቻውን ሆኖ ሊያነባቸው አይችልም።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር (አዘዞ)

ልጄ አማካሪዋ፣ የምትሠሪው ሥራ የተባረከ ነው፤ የምናገረውም ለማሰናከል እንዳይመስልሽ። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ የጻፈውንም ከልቤ ተቀብዬዋለሁ። ይሁን እንጂ ብዙ ዓመት ሳስተምር ያየሁት ነገር ያስፈራኛል። ተማሪ ከራሱ ወገን ጋር ብቻ ሲውል፣ ሌላውን የሚያውቀው ስለ ሌላው በሚነገረው ወሬ ይሆናል።

ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስተማረው፣ በሰዎች መካከል ያለ ጥላቻ የሚቀንሰው ሲገናኙ ነው፤ ግን እንዲሁ መገናኘት አይበቃም። እኩል ደረጃ፣ የጋራ ዓላማ፣ መተባበር፣ የበላይ አካል ድጋፍ ያስፈልጋል። በ2006 (እ.ኤ.አ.) ቶማስ ፔቲግሩና ሊንዳ ትሮፕ 515 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ የመገናኘት ጥቅም ተረጋግጧል። ታዲያ ቅዳሜን ለብቻ ስናደርገው ለመገናኛው የትኛውን ቀን ተውንለት? ቡናው ተፈልቶ ጎረቤት የማይጠራበት ከሆነ እኔ አይዋጥልኝም።

ሌላው የሚያሳስበኝ የሚከተለው ነው። ዴቪድ ሌቫሪና ባልደረቦቹ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ሙከራ፣ ሰዎች ሰማያዊ ነጥቦችን እንዲለዩ ታዘዙ፤ ሰማያዊዎቹ እየቀነሱ ሲሄዱ ቀድሞ ሐምራዊ ያሉትን ሰማያዊ ማለት ጀመሩ። አስፈሪ ፊቶችን እንዲለዩ ሲጠየቁም እንደዚሁ ሆነ፤ አስፈሪዎቹ ሲጠፉ ቀድሞ ምንም ያልመሰላቸው ፊት አስፈሪ ሆነባቸው፤ በነጥቦቹ ሙከራ ቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንኳ ተሰጥቷቸው ይህ አልቀረም። ንቀትን ለመፈለግ የተሰየመ ጉባኤ፣ ንቀቱ ቢቀንስም መፈለጉን አይተውም ብዬ እሰጋለሁ። ፈገግ ስላላለ መምህር የቀረበው ነገር ለእኔ የዚህ ምልክት ነው። እኔም በክፍል ውስጥ ፈገግ የማልል መምህር ነበርሁ፤ በማንም ላይ ግን ክፉ አላሰብሁም።

መልስ፦ የሥነ ልቦና መምህር (በድጋሚ)

ለአባታችን ለአዘዞው መምህር በአጭሩ። ስለ ሰማያዊ ነጥቦቹ ሙከራ ያሉት ትክክል ነው፤ ተማሪዎቹም ሊያውቁት የሚገባ ነው። ስለ መገናኘት ግን አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2009 ታማር ሳጉይና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ሙከራ፣ አንዱ ቡድን የጋራ ጥቅምን የማከፋፈል ሥልጣን ተሰጠው፣ ሌላው ምንም አልተሰጠውም። በሚያመሳስሏቸው ነገሮች ላይ ብቻ እንዲነጋገሩ ሲደረግ ተዋደዱ፤ ሥልጣን የሌላቸውም ባለ ሥልጣኖቹ በእኩል እንደሚያካፍሏቸው ጠበቁ። ክፍፍሉ ሲመጣ ግን ባለ ሥልጣኖቹ ለራሳቸው ማድላታቸውን አልቀነሱም። ስለዚህ ጣፋጭ ግንኙነትም የራሱ የሆነ የእይታ ስሕተት አለው፤ አድልዎ እያለ እንደሌለ ያስመስላል። ልጆቹ ከመሰብሰባቸው በፊት የነበሩበት ሁኔታ፣ ከሁሉም ጋር እየበሉ፣ እየሳቁ፣ ግን በአከራይ ዘንድ እየተመለሱ የኖሩበት፣ ለዚህ በጣም ይቀርባል። አንዱን ስሕተት ለማስወገድ ወደ ሌላው መውደቅ የለብንም።

መልስ፦ ጠበቃው

ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ ነኝ። ከአካል ጉዳተኞች ጋር ለብዙ ዓመታት እየተሰባሰብሁ እነጋገራለሁና፣ የቅዳሜው ክፍል ለእኔ እንግዳ አይደለም።

የሕጉን ነገር ላስቀድም። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብትን የሚመለከተው ዐዋጅ ቁጥር 568/2000፣ በቅጥር፣ በዕድገት ወይም በዝውውር ላይ በአካል ጉዳቱ ምክንያት አድልዎ ደረሰብኝ የሚል ሰው የማስረዳት ሸክም ሳይኖርበት ክስ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል፤ አድልዎ አለመፈጸሙን የሚያስረዳው ተከሳሹ ነው። ሕግ አውጪው እንዲህ ያደረገው አድልዎ ከአድራጊው ልብ ውስጥ ስለሚቀመጥና ተበዳዩ እዚያ ገብቶ ማስረጃ ሊያወጣ ስለማይችል እንደሆነ እረዳለሁ። እንግዲህ ሕግ እንኳ ያልጫነውን ሸክም፣ «አረጋግጥ፣ ካላረጋገጥህ ተጠራጣሪ ነህ» እያልን በአንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ ትከሻ ላይ ልንጭን አይገባም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 በኒው ዮርክ ግዛት በኢታካ ከተማ ሴቶች ተሰብስበው በሥራ ቦታ ከአለቆቻቸው የሚደርስባቸውን ወሲባዊ ትንኮሳ እየተነሡ ተናገሩ። ከዚያ በፊት እያንዳንዷ የራሷ መጥፎ ዕድል አድርጋ ይዛው ነበር፤ ሥራ ለቅቃ ስትሄድ እንኳ ምክንያቱን ለመናገር ታፍር ነበር። በ1986 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድርጊቱ በሕግ የተከለከለ የፆታ አድልዎ መሆኑን አጸና። የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይከለክለዋል። ዳኞች ዘንድ የደረሰው ነገር መጀመሪያ የተሰማው ሴቶች ሳይፈሩ በተናገሩበት ክፍል ውስጥ ነው። የሚያዩት በዛ ብለን ያን ጊዜ ብንዘጋባቸው ኖሮ ምን እንደሚጠፋ አስቡት።

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። በእኛ ስብስብ ውስጥ አንድ ልማድ አለን፤ ይህን ልማድ ከሁሉ በላይ እመክርዎታለሁ። አንድ ሰው ጉዳይ ሲያመጣ በመጀመሪያ የሆነውን ብቻ ይናገራል፤ የት ነበር፣ ማን ነበር፣ ምን ቃል ወጣ፣ ከዚያ በፊት ምን ተብሎ ነበር። ጸሐፊው ይህን ይጽፈዋል። ትርጉሙ በዚህ ጊዜ አይነሣም። ከዚያ በኋላ ሁለት ጥያቄ እንጠይቃለን፦ «ይህ ማየት በሚችል ሰው ላይ ሊደርስ ይችል ነበር?» እና «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» በመጨረሻ ባለጉዳዩ ራሱ ምን እንደሚያስብ ይናገራል፣ «አላውቅም» ማለትም ይፈቀድለታል። ብዙ ጊዜ የሚባለው እርሱ ነው፤ ጉዳዩ ሳይፈረድበት ተጽፎ ይቀመጣል። ከወራት በኋላ ያው መሥሪያ ቤት በሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ ሲመጣ፣ የተጻፈው ወጥቶ ይነበባል። በዚህ መንገድ ለአድልዎ የቆጠርናቸው ነገሮች ተራ የቢሮክራሲ መጓተት ሆነው ተገኝተዋል፤ ተራ ነገር ብለን የተውናቸው ደግሞ ሲደጋገሙ ያስደነገጡን አሉ።

«ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» የሚለው ጥያቄ ግን ከማን አፍ እንደሚወጣ ትልቅ ልዩነት አለው። ያው ቃል ከአለቃዬ ሲመጣ «አልተበደልህም፣ ዝም በል» ማለት ሆኖ ይሰማኛል፤ እንደ እኔው በበትር ከሚሄድ ጓደኛዬ ሲመጣ ግን እሰማዋለሁ፣ እመረምረዋለሁ፣ ብዙ ጊዜም እቀበለዋለሁ። ለምን? እርሱ የእኔን በደል በመካድ የሚያተርፈው ነገር ስለሌለ ነው። እንግዲህ ለብቻ መሰብሰብ ጥርጣሬን ብቻ ይወልዳል የሚሉት አንባቢ ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ፤ ሰው ራሱን ሳይከላከል «ምናልባት ተሳስቼ ይሆን?» ብሎ ሊጠይቅ የሚችለው፣ የሚናቅበት ስጋት በሌለበት ቦታ ነው። በደሉን ለማሳመን ሁልጊዜ የሚታገል ሰው መጠራጠር አይችልም፤ አንድ ጊዜ ከተጠራጠረ ሁሉንም ያጣልና። ስለዚህ ከንቀት የተጠበቀ ክፍል ማለት፣ በትክክል ከተያዘ፣ ያለ ፍርሃት «አይመስለኝም» የሚባልበትም ክፍል ነው። ይህ ከጎደለ ግን፣ መምህሩ እንዳሉት፣ ክፍሉ ግማሽ ሥራውን ብቻ ይሠራል።

መልስ፦ ተማሪ (ቀበሌ 18)

እኔ ከባለ እጅ ቤተሰብ አልተወለድሁም፤ ተመሳሳይ በሆነ ሌላ ስብስብ ላይ ተጋብዤ ነበር። የተነገረውን አልናገርም፤ በራሴ ላይ የሆነውን ግን እናገራለሁ። ወደ ቤት ስመለስ፣ ስሰማቸው ያደግሁትን ነገሮች ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ንግግር ሰማኋቸው። አያቴ ሸክላ ሻጭ ሲመጣ ሕፃኑን ወደ ጓዳ ታስገባለች፤ ይህን ሁልጊዜ አይቼዋለሁ፣ ግን ስለ ምን እንደምታደርገው ጠይቄ አላውቅም ነበር። በክፋት አይደለም፤ ለሕፃኑ ፈርታ ነው። ሆኖም ሻጯ ሕፃኑ ሲወሰድ ታያለች። ስለዚህ የአዘዞው መምህር ስለ መገናኘት ያሉት ትክክል ይመስለኛል፤ ግን እኔ የተገናኘሁት እነርሱ መጀመሪያ ለብቻቸው ስለ ተሰበሰቡ ነው። በካፍቴሪያ አብረን ስንበላ ማንም ይህን አይነግረኝም ነበር።

አማካሪዋ (ጎንደር)

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን ከተማሪዎቹ ተወካዮች ጋር ተቀምጠን አነበብናቸው፤ በአንዳንዱ ተስማሙ፣ በአንዳንዱ ተከራከሩ፤ በጠባሳው ሙከራ ላይ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ የሰጠውን መልስ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።

የጠበቃውን ልማድ ለመሞከር ተስማምተዋል። የሆነውን የሚጽፍ ሰው ከመካከላቸው መርጠዋል፤ መዝገቡም በእኔ ቢሮ ሳይሆን በእነርሱ እጅ እንዲቆይ ጠይቀዋል፣ ትክክል ነውና ተቀብያለሁ። «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» የሚለውን ጥያቄ እኔ እንዳልጠይቅ፣ እነርሱ ብቻ እንዲጠይቁት በሚለው ላይም ተስማምተናል፤ እኔ ወዳጃቸው ብሆንም የኮሌጁ ሠራተኛ ነኝና። ለአባታችን ለአዘዞው መምህር ደግሞ፣ ከየወሩ ቅዳሜዎች አንዱን ጓደኛ የሚጋበዝበት ለማድረግ ሐሳብ አቅርቤላቸው ነበር፤ «ማንን እንደምንጋብዝ እኛ ከወሰንን እሺ» ብለዋል።

ስለ መምህሩ ፈገግታ ልጅቷ ራሷ «ለጊዜው ይጻፍና ይቀመጥ» አለች። ስለ ምሳ ዕቃው ክዳን አልተስማሙም። የቤት ኪራዩን ግን ማንም «ሌላ ሊሆን ይችላል» አላለውም፤ ሦስት ልጆች ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው፣ ሁሉም የአባት ሥራ ከተጠየቀ በኋላ የሆነ ነው። ኮሌጁ ለአዲስ ተማሪዎች የሚያስተዋውቃቸውን አከራዮች ከመመዝገቡ በፊት የተከራይን ወላጆች ሙያ እንዳይጠይቁ በጽሑፍ እንዲያስማማ የሚጠይቅ ደብዳቤ እያረቀቁ ነው። ጠበቃው ረቂቁን ቢያዩልን ደስ ይለናል፤ ፈቃድዎ ከሆነ በዚሁ መድረክ የውስጥ መልእክት እልክልዎታለሁ።